ዘይት የጠጣ እንጨት

ጠመንጃው እንጨቱን ሲያወልቁለት ጨዋ ነው፤ ሲያለብሱት ያምፃል።

ጠጋኟ ይህን ያረጋገጠችው ረፋድ ላይ ነው። ራቁቱን ብረት ጠረጴዛው ላይ አሰረችና ባሩድ የሌላቸውን የመለማመጃ ጥይቶች ካዝናው ውስጥ አጎረሰች። መዝጊያውን ስትገፋው ጥይቱ ሳይንገራገጭ ገባ፤ ስትስበው ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ደጋግማ ሞከረችው፤ ውልፍት አላለም። አባቷ የሠራለትን አዲስ እንጨት አልብሳ ብሎኖቹን ስታጠብቅ ግን ያው በሽታ ተመለሰ። ጥይቱ ወይ ከካዝናው አልነሣም ይላል፣ ወይ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ይቀረቀራል። በግድ የገባውም ሲወጣ አይፈናጠርም፤ መዝጊያው ጫፍ ላይ እንዳኮረፈ እንግዳ ቁጭ ይላል።

ያን የጦር ሜዳ ብረት ዝገት በልቶት ከመጣ ጀምሮ ያከመችው እሷ ናት። የካዝናውን ሞላ ለውጣለች፤ ቀለህ ጎትቶ የሚያወጣውን መንጠቆ አሹላለች፤ ቀለሁን መትታ የምትጥለውን ትንሽ የብረት ምላስ እንደ አዲስ ሠርታለች። ጥፋቱ የእሷ እየመሰላት ስትሞርድ ከርማለች።

“አሁንም እምቢ አለ?” አለ አባቷ ከወዲያኛው ጥግ፣ መላጊያውን ሳያቆም።

“እምቢ አለ፣ አባዬ።”

“ብረት ነዋ! ብረት እንደ አማት ነው፤ ዛሬ ስቆ ነገ ያኮርፋል። እንጨት ግን የቤት ልጅ ነው።”

በዚያ ቤት እንጨትና ብረት ሲጣሉ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው። አባትን ሰፈሩ “ውሃ ልክ” ይለዋል። እሱ የገጠመው ቅማል አያሳልፍም። የማይሻር ሕግም ነበረው፦ አልቆ ዘይት የጠጣ እንጨት መሮ አይነካውም። ዓይኑ እየደከመ ስለሄደ ከዚህ በኋላ ሌላ የጠመንጃ እንጨት እንደማይሠራ ተናግሯል። ይህ የመጨረሻው ነው፤ የሚኮራበትም እሱው ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጠመንጃው ባለቤት፣ ጡረተኛው ሻለቃ፣ ሊወስደው ይመጣል። የአባቱን ጠመንጃ ይዞ በነገው የአንጋፋ ወታደሮች የተኩስ ውድድር ሊቆም ነው።

ሞረዱን አነሣች። የብረት ምላሷን ብታሳሳት፣ የካዝናውን ጎን ጥቂት ብትሞርደው ለዛሬ ያልፋል፤ አባቷም ምንም ሳይሰማ ይቀራል። ሞረዱ ብረቱን ነካ፣ ቆመ። መልሳ አስቀመጠችው።

ኩራዝ ለኮሰችና ብረቱን በጥላሸት አጠቆረችው። እንጨቱ ላይ ገጥማ አጠበቀች፤ ከዚያ ፈታችው። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ከብረቱ ወደ እንጨቱ ጥላሸት የተሻገረበት ቦታ ጠቧል ማለት ነው። እንጨቱ በግራ በኩል፣ የብረት ምላሷ በምትንቀሳቀስበት ቦታ ላይ፣ ከሰል መስሏል። የካዝናውን ስስ ብረት የሚያቅፉት ሁለቱ ግድግዳዎችም እንደዚያው።

“አባዬ፣ አንዴ ና።”

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ መጣ።

“ማነው ይሄን የቀባብኝ?”

“እኔ ነኝ።”

“ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ?”

“አዎ። ብረቱ ደህና ነው፣ አባዬ። እንጨትህ አንቆታል።”

“አንቆታል? የኔ እንጨት?” ድምፁ ከፍ አለ። “ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣለትን እጅ?”

“አብዝተህ አሳምረህ ነዋ የገጠምከው! ይቺ ምላስ መተንፈሻ ትፈልጋለች። ካዝናውም ከጎንና ከጎን ተጨምቆ ጥይቱን ወደ ላይ መግፋት አቃተው።”

አባት አውራ ጣቱን በጥቁሩ ላይ አሻሸ፣ ጣቱን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሞረድ አየ።

“ብረቱን ልትሞርጂው ነበር።”

“ነበር። ዛሬ ያልፋል፤ ውሎ አድሮ ግን ይሰበራል።”

“ቢሰበርስ? ያኔ ማን ያውቅብሻል?”

“እኔ አውቃለኋ። የኔም ሥራ ነው።”

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

“ጠባቧን መሮ አቀብዪኝ።”

“እኔ ልሥራው?”

“እንጨቱን? እኔ በሕይወት እያለሁ? አንቺ የት እንደምቆርጥ ንገሪኝ።”

እሷ ጥላሸት ትቀባለች፣ ትገጥማለች፣ ትፈታለች፤ እሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ያነሣል።

“በቃው?”

“ትንሽ ይቀረዋል።”

“ጨካኝ! በእናትሽ የወጣሽ።”

ሻለቃው ሲመጣ ጠመንጃው ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የመለማመጃ ጥይቶቹን አጎረሰና መዝጊያውን በወታደር እጅ ነዳው። ጥይቱ ገባ፣ ወጣ፣ ተፈናጠረ፤ የመጨረሻው የአባትን ባርኔጣ አወለቀው።

“ማረኩዎት!” ብሎ ሳቀ ሻለቃው። እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰ። “እጅዎ ይባረክ፣ ጌታው። ለመሆኑ ብረቱ ምን ነክቶት ነበር?”

ልጅቱ ነገሩን ልታለዝበው አፏን ከፈተች። አባት ቀደማት።

“ብረቱ ምንም አልነካውም። ያነቀው የኔ እንጨት ነው። ደርሳ ያዳነችው እሷ ናት።”

“እርስዎስ እሺ አሉ?”

“መጀመሪያ ጮህኩባት። እውነቷን ሆነና ምን ላድርግ?”

ሻለቃው የራሱን ባርኔጣ አነሣላት፤ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። አባት እስከ በር ሸኘው፤ ግን ቶሎ አልተመለሰም። ልጅቱ መሣሪያዎቹን እየሰበሰበች፣ ከጎረቤት ካለው ጫማ ሰፊ ደጃፍ የሚመጣውን የአባቷን ድምፅ ሰማች።

“ስማ እንጂ አንተ! ልጄ እኔ የገጠምኩት ላይ ስህተት አገኘችበት። እኔ የገጠምኩት ላይ! እስከ ዛሬ ማን አግኝቶ ያውቃል?”