የአጎቴን ሞተር ያነቀው እጅ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ውሸታም መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አልክድም። ትምህርቴም ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመው «ዳይሬክተሩ ሞቱ» ብዬ አስተማሪዎቹን ሁሉ ስላስለቀስኩ ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የዛሬውን ግን በአጎቴ መነጽር እምላለሁ። የተናደደ ሰው ለመዋሸት ጊዜ የለውም፤ እኔም እስካሁን አልበረደልኝም።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ ሥራው ሞተር ማደስ። አርባ ዓመት ሙሉ እሱ አድሶ የዘጋውን ሞተር ሌላ መካኒክ ከፍቶት አያውቅም። ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም። ጋራዡ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወገቡ ከታጠፈ ለመቃናት ቀጠሮ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ የምለጥፈው የእህቱ ልጅ ደግሞ በሰው ፊት የሚጠሩኝ ዓይነት አይደለሁም። ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ነው የያዘው።

አንድ የጥርስ ሐኪም ከአማቱ የወረሳትን አሮጌ መኪና አስጎትቶ አመጣ። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ጥሩንባዋ ሲነፋ ያስላታል። ቤንዚን በኢንጀክሽን መርጨት ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። አጎቴ ሞተሩን አውርዶ ሦስት ወር ታገለው። ፒስተን ቀየረ፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በእጁ ፈጨ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሞተሩን ብረት አልጋ ላይ አስሮ፣ ንጹሕ ቤንዚን የሞላ ጄሪካን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አስነሣው። በላዩ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥን፤ ውሃው አልተነቃነቀም። ውስጡ የወደቀችው ዝንብ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሞተሩ መኪናዋ ላይ ተገጥሞ ሐኪሙ እየሳቀ ነድቶ ሄደ። በሩብ ሰዓት ስልክ ደወለ፤ ታፍና ቆማለች። ደርሰን ቁልፉን ስናዞረው ምንም እንዳልሆነ ተነሣች። ሩብ ሰዓት ሄዳ እንደገና ታፈነች። ትንሽ ስታርፍ ትነሣለች፣ ስትሄድ ትታፈናለች። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ።

ሐኪሙ ትዕግሥቱ ሲያልቅ የኢንጀክሽን ባለሙያ ይዞ መጣ። እኛ «ኮምፒዩተር» እንለዋለን፤ ያለ ላፕቶፑ አይናገርማ። ነጭ ሱሪ ለብሶ ጋራዥ ይገባል። ላፕቶፑን ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኝበት ሶኬት ግማሽ ሰዓት ፈለገ።

«የት ነው የሚሰካው?» አለኝ።

ጭስ ማውጫውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ።

ሶኬት ሲያጣ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ፈትቶ ወደ ሱቁ ወሰደ። እዚያ ከራሱ ጠርሙስ ቤንዚን እየሰጠ ሞከራቸው፤ እንደ ጉም ረጩ። በማግስቱ ኢንጀክተሮቹን መልሶ ገጠመና ወረቀት ሰጠ፤ «ኢንጀክተሮቹ ጤነኛ ናቸው። ጉድለቱ የሞተሩ እድሳት ስለሆነ ተከፍቶ ይታይ።» ከሥሩ ክብ ማኅተም።

«እኔ ምን ላድርግ ጋሼ፣» አለ ሐኪሙ። «ወረቀቱ ነው የሚናገረው። ቅዳሜ ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስከፍተዋለሁ።»

አጎቴ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። ከዚያ እጁን ታጠበ። ገና ረፋድ ላይ ነበርን፤ እሱ ደግሞ ከመምሸቱ በፊት እጁን ታጥቦ አያውቅም። ደሜ የፈላው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«ማኅተም አለበት እኮ።»

«ድንች ላይ ማኅተም ቀርጬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ማኅተም ለእኔ ትነግረኛለህ?»

አልሳቀም።

ያን ቀን ስድስት ጎማ ለጥፌ ስድስቱንም ተሳደብኩ። ግን ጎማ ተነፈሰ ሲሉኝ መጀመሪያ የማደርገው ምራቄን ቫልቩ ላይ ቀብቶ አረፋ ማየት ነው፤ ርካሹን ሳይጠይቁ ውዱን መፍታት ሞኝነት ነዋ። እንዲህ ስቀባ ነው የገባኝ። አጎቴ የሞከረው ከራሱ ጄሪካን፣ ኮምፒዩተር የሞከረው ከራሱ ጠርሙስ። መኪናዋ ራሷ የምትጠጣውን ያየ የለም።

ዓርብ ዕለት ኮምፒዩተርን «ወረቀትህ ሌላ ማኅተም ይፈልጋል» ብዬ ጠራሁት፤ ሮጦ መጣ። ሐኪሙም መጣ። ከታንኩ ቤንዚን የሚስበውንም ትርፉን የሚመልሰውንም ቱቦ ነቅለን ጄሪካን ውስጥ ከተትን። ጄሪካኑን ኋላ ወንበር ላይ ኮምፒዩተርን አሳቀፍኩት።

«ሲጋራ ታጨሳለህ ወንድሜ?»

«አላጨስም።»

«ዛሬም እንዳትጀምር።»

አጎቴ ነዳ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት። ረጅሙን አቀበት ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን። የትራፊክ መብራት ላይ ኮምፒዩተር አንገቱን አስግጎ «ይኸው ቆመች» አለ።

«እየሠራች ነው፣» አልኩት። «የታደሰ ሞተር ሰምተህ ስለማታውቅ ነው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰን ታንኩን አወረድንና ገለበጥነው። መጀመሪያ ቤንዚን ወጣ። ከዚያ እጅ ወጣ።

የጥርስ ሐኪም የላስቲክ ጓንት። ሁለተኛ ተከተለ፣ ሦስተኛ ተከተለ፤ ቤንዚን ጠጥተው የግዙፍ ሰው እጅ አክለዋል። ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ አንዱ ጓንት መጥቶ የመሳቢያውን ቧንቧ አፍ ያፍናል፤ ሞተሩ ሲቆም ይለቃል።

ሁላችንም ሐኪሙን አየነው።

«የታንኩ ክዳን ጠፍቶ ነበር፣» አለ ቀስ ብሎ። «አዲስ እስክገዛ ጓንት ወጠርኩበት። ሲጠፋ ሌላ ወጠርኩ።»

«ወዴት የጠፋ መሰለህ?» አለ አጎቴ።

«ንፋስ የወሰደው። ደግሞ እኮ ንጹሕ ጓንት ነው፤ ማንም አፍ ውስጥ አልገባም።»

ከዚያ ሐኪሙ ጋራዥ ሙሉ ሰው እያየው አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ኮምፒዩተርም ወረቀቱን በገዛ እጁ ቀደደው።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ነገር ላርም። ጓንቶቹ እውነት ናቸው፤ ጎማ መስቀያዬ ላይ ሰቅያቸዋለሁ፣ መጥታችሁ እዩ። የፈጠርኩት ይቅርታውን ነው። ኮምፒዩተር ሱሪውን እያሸተተ «ታንክ የእኔ ክፍል አይደለም» ብሎ ሄደ፤ ወረቀቱንም አጣጥፎ ወሰደ። ሐኪሙ ደግሞ «ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ታንኩን ያላዩት እርስዎ አይደሉ?» አለው አጎቴን።

አጎቴም «እውነትህን ነው፤ አላየሁትም» አለና ታንኩን አጥቦ ገጠመለት። እኔ ብሆን ጓንቶቹንም መልሼ እከትለት ነበር። ቅዳሜ ግን ሞተሩን የከፈተው የለም።