የመጀመሪያዋ ጥይት የጠጋኙ ናት

ጠብመንጃ ጠጋኙ ፉርቃን ምን አለሽ ተራ ካለው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ለአሮጌ ጠብመንጃ ደግሞ ምን ልዩ መሣሪያ ያስፈልገዋል? አንድ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ አለቀ!» ባለ ቁጥር፣ ከፊት ለፊቱ የቆርቆሮ ምድጃ የምትሠራው ሰዓደት መዶሻዋን ጠንከር አድርጋ ታሳርፋለች። ቆርቆሮው ምን በደለ? ምንም። የበደለው ማዶ ነው የቆመው።

ሰዓደት የጁነዲን ልጅ ናት። ጁነዲን ጠብመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ በሕይወት ሳለ ፈቃድ ያለው ምንሽርና ሞዘር የያዘ ሁሉ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር። ለየብሎኑ ልክ ሞርዶ ያዘጋጃቸው ካቻቢቴዎች ነበሩት፤ ብሎኑ የተበላ ጠብመንጃ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ነው ይል ነበር። ከሁሉ በላይ የሚሳሳላት ግን በጥይት ቅርጽ የተሠራች፣ ከጥይት ግን በጥቂቱ የምትረዝም አንዲት የብረት መለኪያ ነበረች። እሷን አጉርሰው መዝጊያውን ሲገፉት አልዘጋም ካለ ጠብመንጃው ጤነኛ ነው። ከተዘጋ ግን ውስጡ ተበልቷል፤ ሲተኩሱት ወደ ኋላ ይፈነዳል። ይህን ዓይን አያየውም፣ ጣትም አያገኘውም።

ጁነዲን አንድ ደንብም ነበረው። የተጠገነ ጠብመንጃ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ከከተማ ወጣ ይባልና የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩሳት ጠጋኙ ራሱ ነው። ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያላስጠጋ ሰው ጠገንኩ አይበል፤ እንዲህ ነበር ሕጉ።

ፉርቃን ሙያውን የተማረው ከእሱ ነው፤ ከአንድ ትሪ በልቶ፣ እንደ ልጅ ተቆጥሮ። አንድ ቀን የሰው ምንሽር ፈቶ ገጠመና «ለክቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለ። ጁነዲንም አምኖ ተኮሰ። መዝጊያው ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን ወሰደው። ፉርቃን ይባስ ብሎ «ሽማግሌው ጃጅቷል፣ የለካው እሱ ራሱ ነው» እያለ ለገበያው አወራ፤ ደንበኛውንም ጠራርጎ ማዶ ሱቅ ከፈተ።

ሰዓደት ግን እውነቱን ታውቃለች። ያን ዕለት መለኪያዋን ዝገት ልታስለቅቅ ቤቷ ወስዳ ነጭ ጋዝ ውስጥ የዘፈዘፈቻት እሷ ነበረች። ታዲያ ፉርቃን በምን ለካ? ብትናገር ማን ሰማት፤ ለአባቷ ታዳላለች አሏት። ጁነዲን በአንድ ዓይኑ መንገድ እየሳተ፣ «ምናልባት የለካሁት እኔ ሆኜ ረስቼው ይሆን?» እያለ ሞተ። ልጁን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ከዓይኑም ይልቅ ይህች ጥያቄ ናት። ጎረቤቶቿ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይመክሯታል። እሷ እቴ! ሶላቷንም ቂሟንም አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም።

በቅርቡ ታዲያ ጎጃም በረንዳ ቅመም የሚነግዱት ጋሼ ገብረ ኢየሱስ በጆንያ የተጠቀለለ ምንሽር ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ የአባቴ ሙት ዓመት ደርሷል። አገር ቤት ወስጄ እንደ ወጉ ላስተኩስለት ነው። ግን ቃታው ላልቷል፣ ብሎኑም ዝጓል። የጁነዲን እጅ ካንቺ ጋር ቀርቷል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰዓደት ጠብመንጃውን ሞርሳ ላይ አስራ መለኪያዋን አጎረሰችው። መዝጊያው አልዘጋም አለ፤ ጤነኛ ነው። የቀረው በአባቷ ካቻቢቴዎች ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነበር። በዚህ መሐል አንድ ሐሳብ መጣላትና ደረቷ በደስታ ሞቀ። የሰው ደም አልፈለገችም። የፈለገችው የፉርቃንን ውርደት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ አሁን ሥራዬ ምድጃ ነው» አለቻቸው። «ፉርቃን ጋ ይውሰዱት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የመጀመሪያዋን ጥይት እሱ ይተኩስ። የአባቴን ደንብ ያውቁት የለ?»

«እንዴት አላውቅ!»

በቀጠሮው ቀን ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ጠብመንጃቸውን ሊረከቡ መጡ። ፉርቃን በዘይት አብለጭልጮታል፤ ብሎኖቹን ግን በዚያ በአንዱ ካቻቢቴው አፋቸውን በልቷቸዋል።

«በል ተነስ» አሉት። «መኪናዬ መሳለሚያ ቆማለች። ከከተማ ወጥተን አንዴ ተኩሰህ ታስረክበኛለህ።»

«እኔ? ጋሼ፣ ትከሻዬን ብርድ መቶኝ...»

«ብርድ በጥይት ይለቅ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?»

የተራው ሰው ሳቀ። ፉርቃን አልሳቀም። «ልክ ነው አልኩዎት እኮ! ልማልልዎት?»

«መሐላህን ምን ላድርገው? ጉንጭህን ነው የምፈልገው» አሉና ጠብመንጃውን ዘረጉለት።

ፉርቃን አልተቀበላቸውም። መለኪያ የለውም፣ አልለካም፤ ያልተለካ ጠብመንጃ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በዓይኑ አይቷል። ፊቱ አመድ መስሎ መንገዱን ተሻገረና ሰዓደት ፊት ቆመ።

«ሰዓዲ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መለኪያዋን ለአፍታ አውሺኝ።»

«የምን መለኪያ? ካቻቢቴና ነጭ ጋዝ ይበቃል ስትል አልነበር?»

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«እሰጥሃለሁ» አለች። «ብቻ ያን ቀን አባባ የተኮሰውን ምንሽር ለክተህ እንደሆነ፣ ተራው እንዲሰማ ጮክ ብለህ ንገረኝ።»

ፉርቃን ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ምንሽሩን እንደዘረጉ እየጠበቁ ነው።

«አልለካሁም» አለ።

«አልሰማሁህም።»

«አልለካሁም! ቸኩዬ ነው! ጋሼ ጁነዲን ምንም አላጠፋ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

በተራው መዶሻ ሁሉ ቆመ። ሰዓደት ይህን ቃል በሕልሟም በእውኗም ስትጠብቀው ኖራለች፤ ከማር ይልቅ ጣፈጣት። መለኪያዋን አውጥታ ምንሽሩን ተሻግረው ከመጡት ከጋሼ ገብረ ኢየሱስ ተቀበለችና እዚያው ፉርቃን ፊት አጉርሳ መዝጊያውን ገፋችው። አልዘጋም አለ።

«ጤነኛ ነው» አለች። «አንተ ጋ ሳይመጣም ለክቼዋለሁ፤ ያኔም ጤነኛ ነበር።»

ፉርቃን ብረቱንና እሷን እያፈራረቀ አየ። «ታዲያ እያወቅሽ... ለምን እንዲህ አስፈራሽኝ?»

«አባቴ ያን ቀን ጉንጩን ሲያስጠጋ ለምን እንዳልፈራ እንዲገባህ ነው» አለችው። «አንተን አምኖህ ነበራ።»