አንዲት ፊደል የጎደላት ቆርቆሮ

ዱብ። ዱብ። ዱብ።

ሩሽዲ አልጋው ላይ እንዳለ ነው ድምፁን ከኩሽና የሰማው። አንድ ከባድ ነገር ቆርቆሮ ውስጥ ይንገላታል። ምስር እንዲህ አይጮህም። ብርድ ልብሱን ጥሎ ተነሣ።

ሩሽዲ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ከአክስቱ ከነበዊያ ጋር የሚኖርበት ቤት ከእስክንድርያ ባሕር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ በእርጥበት ይጓጉላል፣ የመስኮት ማጠፊያም ዓመት ሳይሞላው ይዝጋል። አምና ክረምት አንዱ ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ በቀለበት፤ የሚያጸዳው ባለሙያም ጠፋ። ስለዚህ የቀረውን ትልቁን ሌንስ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ክዳኑ ጎማ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው። ከጫማ ሻጮች ለምኖ ያመጣቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችም አብሮ አኖረ።

ከእርጥበቱ ሌላ የአጎቱ ልጅ ፈትሒ አለ። ባለፈው በጋ ያንኑ ሌንስ ተውሶ መትሩሕ ባሕር ዳርቻ ወስዶት፣ ከነአሸዋው ነው የመለሰው። ሩሽዲ «ሸጥኩት» አለውና ቆርቆሮውን ኩሽና ደበቀ። በአረብኛ ሌንስ «ዐደሳ»፣ ምስር «ዐደስ» ነው። ቆርቆሮው ላይ «ዐደስ» ብሎ ጻፈ። ይሄ ውሸት አይባልም፣ ብሎ ራሱን አጽናና፤ ያስቀረው አንዲት ፊደል ብቻ ነው።

ኩሽና ሲገባ ፈትሒ ፉሉን በዳቦ ይበላል። አክስቱ ቆርቆሮውን እየናጠች ነው።

«ይሄ ምስር ድንጋይ ሆኗል» አለች። «ለፈትሒ ሾርባ ልሠራለት ነበር።»

«ተይው አክስቴ፣ ነቅዟል።»

«ታዲያ ነቀዝ ምን ያደርግልኛል?» ወደ መስኮቱ ዞረች። አራተኛ ፎቅ ናቸው።

«ኧረ እንዳትወረውሪው።»

«ምነው፣ ነቀዙን ልታሳድገው ነው?»

«ለርግብ... ለርግብ ቃል ገብቻለሁ።»

ፈትሒ አፉን ጠረገ። «ሠላሳ ርግብ ያለኝ እኔ ነኝ። ለማን ርግብ ነው ቃል የገባኸው?»

«ላንተ ርግቦች።»

«ተባረክ።» እጁን ዘረጋ፤ አክስቱም ሰጠችው። ቆርቆሮውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ አድርጎ ነቀነቀው። ጽሑፉን አነበበ፣ ቀጥሎ ሩሽዲን አየው። «ስንት ፍሬ ነው ያለው?»

ሩሽዲ ወደ ቆርቆሮው አንድ እርምጃ ተጠጋ። «አንድ።»

«አቤት፣ እንዴት ያለ ምስር ነው በል።»

«ፈትሒ፣ መልስልኝ።»

«ርግቦቼ እንዳይታነቁ አሳስበውህ ነው?»

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች አክስቱ።

ሩሽዲ ተሸነፈ። «ሌንሱ ነው። አልሸጥኩትም። ዛሬ ሰርግ አለብኝ፣ ሌላ ሌንስ የለኝም። ካንተ ነው የደበቅኩት ፈትሒ።»

የፈትሒ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ክዳኑን ከፈተ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ሌንሱንም ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አጮለቀበት። ጥርት ያለ ነው። መልሶ ጠቀለለው፣ ከረጢቶቹን ዙሪያውን ደረደረ፣ ክዳኑን በሁለት መዳፉ ተጭኖ ዘጋና ሩሽዲ እጅ ላይ አኖረው። ከዚያ ተነሣ። ፉሉ ገና ግማሹ ሳህኑ ላይ ነበር።

«ሻይህስ?» አለች አክስቱ።

ጫማውን በር ላይ አጠለቀ። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው እየራቀ ተሰማ።