ስልኩን ማን አነሣው?

ስልኩ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሁለት ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ጮኸ። ምራት የያዘችውን ብርጭቆ ለቀቀችው። በዚህ ወር አምስተኛው መሆኑ ነው።

"ይኸው ደወሉ!" አሉ አማት ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "አራት ሰዓት ብለው አራት ሰዓት! ሰዓት የሚጠፋባቸው ለመክፈል ሲሆን ነው እንጂ ለመጨቅጨቅማ ያውቁበታል።"

"እማዬ፣ ያጠናነውን እንዳይረሱት" አለች ምራት።

"እኔ? ለመታመም ደግሞ ጥናት ያስፈልገኛል?"

ምራት የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅሬታ ተቀባይ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። ውኃ የጠፋበት ሁሉ፣ ቧንቧውን የዘጋችው እሷ ይመስል፣ የሚጮኸው እሷ ላይ ነው። ዋናው መስመር ፈንድቶ ከተማው ሦስት ሳምንት በደረቀ ጊዜ ደግሞ ባሰባት። አንዱማ በየማለዳው እየደወለ፣ ትንፍሽ ሳይል ቧንቧውን ከፍቶ ባዶ ፉጨቱን ያሰማት ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አንድ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ እጇ አልታዘዝ አላትና ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቁጭ አለች። አለቃዋ ጎንበስ ብሎ አያትና "መስመር ላይ ሰው እየጠበቀ ነው" አላት።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ሲመጣ "ስለታገሱን እናመሰግናለን" ብላ ትከፍታለች። ባሏ ጨው አቀብዪኝ ቢላት "ቅሬታዎ ተመዝግቧል" ብላዋለች። ሐኪሙ በሥራ ምክንያት የደረሰ የአእምሮ ጉዳት ነው ብሎ ጻፈላት። ካሣ ለማግኘት ያመለከተችበት ጽሕፈት ቤት ቅጽ ግን "የተጎዳው አካል፦ ቀኝ ወይስ ግራ?" ብሎ ይጠይቃል።

"ሁለቱም በይ፤ ምን ቸገረሽ" ብለው መከሯት አማት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁኔታዎን ለማጣራት በስልክ እንደውላለን፤ ስልኩ ካልተነሣ ፋይሉ ይዘጋል ይላል። ፋይሉ ተዘጋ ማለት ምራት ሰኞ ወደዚያ ማዳመጫ ተመለሰች ማለት ነው። ባሏ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው።

"ካላነሣሽ ይዘጉታል። ካነሣሽ ደግሞ ይኸው ድናለች ሊሉ ነው። ምን ይሻላል?"

"እኔ እናትህ እያለሁ?" አሉ አማት። ድምፃቸው ከወጣት ድምፅ አይለይም ብለው ያምናሉ።

አሁን እሳቸው ናቸው ብርድ ልብሱን ፈተው ስልኩን ያነሡት። ምራትም እንድትሰማ ላውድ አደረጉትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሃሎ" አሉ በደከመ ድምፅ። "በሽተኛዋ ነኝ።"

"ስለታገሱን እናመሰግናለን" አለች አንዲት ሴት በስልኩ ውስጥ። ምራት ይህን ስትሰማ ጠረጴዛው ሥር ገባች። "የስልክ ጥሪ ሲሰሙ ምን ይሰማዎታል?"

"ኧረ የማይሰማኝ ምን አለ! እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ብርጭቆ አይተርፈኝም። አሁን ራሱ አንዱን ሰብሬ ነው የማናግርሽ።"

"እንቅልፍስ?"

"ጉልበቴ መች ያስተኛኛል! ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው።"

ምራት ከሥር ሆና ቀሚሳቸውን ጎተተች። አማት ግን ሞቅ ብሏቸዋል። ምን ይሰማዎታል ብሎ የጠየቃቸው ሰው ከነበረ ቆይቷል።

"ቤት ውስጥ የሚንከባከብዎት ሰው አለ?"

"ምራቴ አለች። ልቧ ደግ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሻይ ትጥድና እዚያው ረስታው ትሄዳለች። ስናገራት ደግሞ ቅሬታዎ ተመዝግቧል ትለኛለች!"

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

"ይቅርታ… ፋይሉ ላይ ዕድሜዎ ሠላሳ አራት ነው የሚለው። ምራት አለዎት?"

አማት ስልኩን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ደግሞ ምራትን አዩ።

"ልጄን ቶሎ ነው የዳርኩት" አሉ።

ምራት ነገሩ እንዳበቃ ገባት። አፈረች፤ ሳቋም መጣ፣ ከሳቋ ጋር እንባዋ። ከጠረጴዛው ሥር እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለች። ስለሚንቀጠቀጥባት በሁለት እጇ ያዘችው።

"ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ። ማንሣት አቅቶኝ ነው አማቴን ያስቸገርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁንም ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ነው የማናግርሽ።"

ከሠራተኛዋ ጀርባ ስልኮች ይጠራሉ፤ ሰዎች በየተራ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ምራት ያንን ክፍል አይታው ባታውቅም ወንበሮቹ ሳይቀሩ ታወቋት።

"እዚህ የምሞላው አንድ ጥያቄ አለ" አለች ሠራተኛዋ ቀስ ብላ። "ስልኩን ማን አነሣው? ነው የሚለው። ባለጉዳይ፣ ቤተሰብ፣ ወይስ ማንም አላነሣውም። ማን ነው ያነሣው?"

"አማቴ።"

"እንግዲያው ቤተሰብ። ተነሥቷል፣ ስለዚህ አይዘጋም። ያነሣሽው ደግሞ አንቺ አይደለሽም። ለሐኪሞች ቦርድ አስተላልፈዋለሁ፤ እዚያ ስትቀርቢ ራስሽ ተናገሪ።" ከዚያ ድምጿ ተመልሶ የወረቀት ንባብ ሆነ። "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

ምራት ይህን ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቃለች። መልሶ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

"አንቺስ? ዛሬ ስንት ሰው ጮኸብሽ?"

"ገና አራት ሰዓት እኮ ነው" አለች ሠራተኛዋ። በልቧ ቆጠረችና "አሥራ ዘጠኝ" አለች። ከዚያም በሹክሹክታ፣ "ያ ሐኪምሽ… የት ነው ያለው?"

"ከሥራ ስትወጪ ደውዪልኝ" አለች ምራት። ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው።

አማት ስብርባሪውን መጥረግ ጀምረዋል። "የሻዩን ነገር ያነሣሁት እንዲያምኑኝ ብዬ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ" አሉ።

"ቅሬታዎ ተመዝግቧል" አለች ምራት፣ ዛሬ ግን ሆን ብላ። ሁለቱም ሳቁ።

አማት ብርድ ልብሱን ዘርግተው ስልኩን እስክትሰጣቸው ጠበቁ። ምራት አልሰጠቻቸውም። ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ከአጠገቡ አነሣቻቸው።