ዋጋቸው እስኪወርድ

ወንድሟ ሙጂብ ከተቀበረ ወዲህ ረቢአ የአስር ሰላቷን ሰግዳ ስትነሳ ከጓዳው ድምፅ ትሰማለች። ጫር፣ ጫር፣ ጫር። ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ። በሕይወት እያለ የሚሥለው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ያን ድምፅ ከሌላ አታሳስተውም።

ለጎረቤቷ ለአሻ ብትነግራት ሳቀችባት።

«አይጥ ነው እኮ! ድመት አምጪ።»

«አይጥ መስመር አያሰምርም።»

«ያንቺ አይጥ የተማረ ይሆናላ፣ አንቺ ሳትማሪ!»

ረቢአ አልሳቀችም። ከሚሴ ገበያ በርበሬና አብሽ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት፤ በቀላሉ የሚያስደነግጣት ነገር የለም። የፈራችው ድምፁ ምን እንደሚል ስለገባት ነው።

ሙጂብ አዲስ አበባ ለሚታተም የልጆች መጽሔት በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ኮሚክ የሚሉትን፣ ሲሠራ ነው የኖረው። ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት የሚያግዱ፣ የቦርከናን ወንዝ የሚሻገሩ፣ የሚጣሉ፣ የሚታረቁ ሰዎች ይሥላል። መጽሔቱማ አንዴ ከተነበበ ስኳር ይጠቀለልበታል። በእጁ የሣለበት ወፍራሙ ወረቀት፣ ኦርጅናሉ፣ ግን ተመልሶ የቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ሁሉም ሰው ነው፤ ዓይን አለው፣ አፍ አለው።

ልጅ ሆና ቁርኣን ያስቀሯት ሼህ የነገሯት አልጠፋትም። ነፍስ ያለው ነገር የሣለ ሰው በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ «በል፣ ሩሁን፣ ነፍሱን ዝራበት» ይባላል። ከየት አምጥቶ? ያ ሁሉ የወረቀት ሕዝብ ሙጂብን ከቦ «ሩሄን! ሩሄን!» ሲለው ይታያታል። ሼሁ መድኃኒቱንም ነግረዋት ነበር። አንገቱ ላይ መስመር የተሰመረበት ሥዕል እንደ ዛፍ፣ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሩህ የሚጠይቅለት የለም።

ስለዚህ ሰማያዊ እስክርቢቶ ገዛች። ሳጥኑን ከፈተችና «ያ ረቢ፣ ለወንድሜ ብዬ ነው» ብላ በልቧ ነይታ አንዱን አንገት ሰረዘች። ከዚያ ሌላውን። ሙጂብ ለአንዷ ገበሬ ሴት የእናታቸውን ፊት ሰጥቷት ኖሯል። «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እማ» አለችና አሰመረች።

ድምፁ ቀነሰ። ሳጥኑን ስታጋምስ እንደ ሩቅ ሰው ሳል ሆነ። «ትንሽ ነው የቀረህ ወንድሜ፣ ታገስ» ትለዋለች ጓዳ ስትገባ።

አሚር የመጣው ያኔ ነው። አሚር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሌላው ማኅተምና ሳንቲም እንደሚሰበስበው እሱ የኮሚክ ኦርጅናል ይሰበስባል፣ ይሸጣል።

«ሙጂብ ነፍሱን ይማረውና አንዱን ገጽ ለአንድ ምሳ ነበር የሰጠኝ» አላት። «ዛሬ በዚያ ገጽ በሬ ይገዛል።»

«ምን ተገኝቶ?»

«ሞተዋ። ከእንግዲህ አይሥልም፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው።»

ረቢአ ለበርበሬ እንጂ ለሰው እንዲህ ያለ ገበያ አታውቅም። ሳጥኑን ከፈተችለት። አሚር አንድ ወረቀት አነሳ፣ ሁለተኛ አነሳ፣ ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«ማነው ያረዳቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እትዬ ረቢአ! በእስክርቢቶ? ዋጋውን እኮ ገደል ከተቱት! በሉ፣ ያልተነኩትን እንኳ ይስጡኝ።»

«ያልተነኩትማ ናቸው ወንድሜን የያዙት። አንገታቸው ሳይሰረዝ ከዚህ ቤት አይወጡም።»

ለመነ፣ ማለ፣ ተቆጣ። ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ የተሰረዙትን በስልኩ ፎቶ አንስቶ እያጉረመረመ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ደወለ፤ ድምፁ የሠርገኛ ድምፅ ሆኗል።

«እትዬ ረቢአ፣ ጉድ ሆነ! እህት ለወንድሟ ነፍስ ብላ ያረደቻቸው ሥዕሎች ብዬ ፎቶውን ብለጥፈው ሰው ተጋፋ። ከንጹሁ በለጡ እኮ! የቀሩትንም ያስምሩልኝ፤ እጥፍ እከፍላለሁ።»

«ላስምርልህ?»

«አዎ፣ በዚያው በሰማያዊው።»

ስልኩን ዘጋችው። አስር ሰግዳ ጓዳ ገባች። ጥጃ ተሸክሞ ቦርከናን የሚሻገር ሰው ያለበትን ገጽ አወጣች፤ እስክርቢቶውን አንገቱ ላይ አደረገች። «ለወንድሜ ብዬ» ልትል አፏን ስትከፍት በልቧ «እጥፍ» የሚል መጣ። አስተግፍር ብላ አላህን ይቅርታ ጠየቀች፤ በውዱእ ታጥባ ተመለሰች። ደግሞ ሞከረች። አሁንም እጥፍ። የሚያፈሰው ጣሪያዋ ታያት፣ አዲስ ቆርቆሮ ታያት። ኒያው፣ የልብ ሐሳቡ፣ ከተበላሸ መስመሩ የቀለም ጭረት ነው፤ ለማን ይደርሳል? ለወንድሟ የነበረው ለገበያ ሆነ። እጇን ሰበሰበች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጫር፣ ጫር ይላል።

ያን ቀን አንድ ነገር ወሰነች፤ ረቢአ ደግሞ ከወሰነች ወሰነች ነው። ወረቀቶቹ ዋጋ እስኪያጡ ትጠብቃለች። አምስት ሳንቲም የማያወጡ ቀን ኒያዋ ይጸዳል፣ ያኔ ትጨርሳቸዋለች። እስከዚያው ሙጂብ ይታገሳታል፤ ምን ያድርግ።

አልፎ አልፎ ራሷ ትደውላለች።

«አሚር፣ ዋጋው ወረደ?»

«ኧረ ጨመረ! እርስዎ እኮ ለካ ነጋዴ ነዎት፤ በያዙት ቁጥር ይወጣል።»

«መቼ ነው የሚወርደው?»

«የሙጂብን ስም ሰው ሲረሳው ነዋ! አላህ ያን ቀን አያምጣው።»

ረቢአ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ጓዳው በር ዞረች።

«እንግዲያው እርሱት» አለችው። «ወላሂ፣ ሁላችሁም እርሱት።»

አሚር ሳቀ። «እሺ፣ እሺ እትዬ ረቢአ። ገባኝ። ስንት ልጨምር?»