ይቅርታ የምትለዋ ተከላካይ

ልጅቷ ተከላካይ ናት። ይህን ራሷም ለማመን ጊዜ ወስዶባታል፤ ተከላካይ ማለት ሰው እግር ስር ገብቶ ኳስ የሚነጥቅ ነው፣ እሷ ደግሞ ወንበር ብትገጭ ወንበሩን ይቅርታ የምትጠይቅ ፍጥረት ናት። ጥፋቱ የእናቷ ነው። እናቷ ነርስ ናት፤ እነሱ ቤት የወደቀ ሰው ይቅርና የወደቀ ማንኪያም አይታለፍም። እንዲህ ሆና ያደገችውን ልጅ ክለቡ በሙከራ ውል ወሰዳት። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ወይ ትፈርማለች፣ ወይ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ እናቷ ሶፋ ትመለሳለች።

የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያየ ሁሉ አልረሳውም፤ እሷ ግን ብትረሳው በወደደች። የቡድኑ ዘዴ ቀላል ነበር። አምበሏ «ውጡ» ስትል አራቱም ተከላካዮች ባንዴ ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው የቀረች አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ትሆናለች፣ የመስመር ዳኛዋ ባንዲራዋን ታነሳለች፣ በቃ። አንዷ ከቀረች ግን ዘዴውን ውሃ በላው ማለት ነው። አምበሏ ጮኸች፣ ሦስቱ ሮጡ፤ አራተኛዋ እንደ ጠያቂ ዘመድ ጎንበስ ብላ፣ ገፍታ የጣለቻትን አጥቂ «ይቅርታ እህቴ፣ ተጎዳሽ እንዴ?» ትላለች። ኳሱ በጆሮዋ ስር አልፎ መረቡ ውስጥ ገባ። ተጎዳች የተባለችው አጥቂ ከሁሉም ቀድማ ተነስታ ጨፈረች።

ከዚያ ወዲያ ቅጽል ስሟ «ይቅርታ» ሆነ። የቡድኗ ልጆች ብቻ ቢያውቁት ደግ ነበር፤ ወሬው ግን ሊጉን አዳረሰ። አጥቂዎች ኳስ ሲያመልጣቸው እሷ አጠገብ ዘፍ ማለት ጀመሩ። አንዷማ ማንም ሳይነካት ወደቀች፤ ልጅቷም ሳትነካት ይቅርታ ጠየቀቻት።

አሰልጣኙ ትዕግስተኛ ሰው ነው፤ ትዕግስትም ግን ያልቃል። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት መልበሻ ቤቱ ጥግ ጠራት።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ጨዋ ነሽ። ጨዋነትሽ ግን የሚጠቅመው ተጋጣሚን ነው። ዛሬ ዞር ብለሽ የወደቀ ሰው ካየሽ፣ ውሉን እርሺው።»

«እሺ፣ ይቅርታ» አለች። አምበሏ ሳቋን በፎጣ ሸፈነች።

የዚያን ቀን እናቷ ፈረቃ ቀይራ መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እነሱ አንድ ለባዶ እየመሩ ነው። የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ፣ ረጅሟ የሚሏት፣ ኳስ እየገፋች ከች አለች። ልጅቷ ተንሸራትታ ኳሱን መታችው፤ ረጅሟ ከላይዋ ተሽቀንጥራ ወደቀችና «ጉልበቴን» ብላ ጮኸች። ኳሱ መሃል ሜዳ ተጋጣሚዎቿ እግር ላይ ደረሰ። አምበሏ «ውጡ» አለች።

የልጅቷ አንገት ለብቻው ሊዞር ቃጣው። እማዬ እያየችኝ ነው፣ አለች በሆዷ። እንዲህ እያለች ሮጠች። ኳሱ ከኋላዋ ተሻግሮ ሌላዋ አጥቂ አገባችው፤ ባንዲራው ግን ተነስቷል። ጎሉ ተሻረ፣ የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ፣ ጓደኞቿ ተረባረቡባት። ረጅሟ አልተነሳችም። በቃሬዛ ወጣች።

አሰልጣኙ ውሉን እዚያው መልበሻ ቤት አስፈረማት። እናቷን ልታበስር ብትወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ፈልጋ ያገኘቻት ተጋጣሚዎቹ መልበሻ ቤት በር ላይ፣ የረጅሟ ጉልበት ላይ በረዶ ይዛ ተንበርክካ ነው።

«ሰው ጥለሽ ትሮጫለሽ?» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«አይቆጧት እናቴ» አለች ረጅሟ። «ብትቆም ኖሮ አግብተን ነበር። እኔም መጀመሪያ የጮህኩት እንድትቆም ብዬ ነው፤ የምር መጎዳቴን ያወቅኩት ልነሳ ስል ነው።»

ልጅቷ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልመጣም። አፍራለች፤ ነገር ግን ያ ኳስ አሁን ተመልሶ ቢመጣ ደግማ ትሮጥ ነበር። ይህን ማወቋ አስደነገጣት።

«በጣም ያማል?» አለች በመጨረሻ።

«ያማል።»

አጠገቧ ተንበረከከችና በረዶውን ከእናቷ እጅ ተቀበለች።