ኦግንያን ሲናገር

አውቶቡሱ የዳኑብን ዳርቻ ትቶ ወደ መንደሩ መንገድ ሲታጠፍ የራይና ስልክ እንደገና ጠራ። ስቶያንካ ነበረች።

"ደረስሽ?"

"ልደርስ ነው።"

"ልጁን ደህና አድርገሽ እዪው። ከስቶ እንደሆነ፣ ልብሱ ቆሽሾ እንደሆነ። ሰኞ የቴሌቪዥን ሰዎች ሲመጡ ከሁላችን የአንቺ ወሬ ነው ልብ የሚነካው። 'ከእቅፌ ነጥቀው ወሰዱት' በያቸው። ትንሽ ብታለቅሺም አይከፋም።"

"ማልቀስ እንኳ አስተማሪ አያሻኝም" አለች ራይና።

ሁለቱም በከተማው የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሞግዚት ሆነው ያረጁ ናቸው። መንግሥት ልጆች በቤተሰብ እንጂ በማሳደጊያ አይደጉ ብሎ ከወሰነ ወዲህ ሕንፃው ተዘግቷል። ልጆቹ ገሚሶቹ ወደ ዘመዶቻቸው፣ ገሚሶቹ ልጅ በአደራ ተቀብሎ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ ሄዱ። ስቶያንካ በሽተኛ ባል አላት፤ ከዚያ ወዲህ የረባ ሥራ አላገኘችም። ሰኞ የከተማው ምክር ቤት ማሳደጊያው ይከፈት አይከፈት የሚለውን ስለሚነጋገርበት፣ የቀድሞ ሠራተኞችን ከየቤታቸው እየቀሰቀሰች ነው።

ራይና ያጣችው ሌላ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ ስፔን ናት፣ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ማሳደጊያው ከተዘጋ ጀምሮ ከዳቦ ሻጩ በቀር ከማንም ጋር ሳትነጋገር የምትውልበት ቀን በዝቷል። ዛሬ ልታየው የምትሄደው ኦግንያን ወደ ማሳደጊያው የመጣው ገና በጨቅላነቱ ነበር። ሰባት ዓመት እስኪሞላው አልቆመም፣ አልተናገረም። ሐኪሙ "ተፈጥሮው ነው" ብሎ ነበር። ፈረቃዋ ካለቀ በኋላ እንኳ ሳትሄድ ቁጭ ብላ በማንኪያ ታጎርሰው ነበር። ሲወስዱት ልጠይቀው ብትል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ "እስኪረጋጋ" እያሉ ዓመት አለፈው። ፈቃዱ የተገኘው በዚህ ሳምንት ነው።

የአደራ እናቱን ግቢ ያገኘችው በተጠበሰ ቃሪያ ሽታ ነው። ኢስክራ የምትባለው ትከሻ ሰፊ ሴት ከብረት ምጣድ ላይ ቀያይ ቃሪያ እያነሳች በገበታ ላይ ትከምራለች።

"ወይዘሮ ራይና ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ። እጄን አልሰጥዎትም፣ ከሰል ሻጭ መስያለሁ።"

"ልጁስ?"

"ጎረቤት ነው፣ የጋሽ ቦጎሚል ፍየሎች ዘንድ። ሽማግሌው ሸለብ ባደረገው ቁጥር ልጁ ፍየሎቹን ይፈታቸዋል። አሁን ይመጣል።"

"ማን ወሰደው?"

"ራሱ ሄዶ ነዋ።"

"በእግሩ?"

"ታዲያ በምን ይሂድ?" ኢስክራ ሳቀች፤ የራይናን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች። "በሳምንት ሁለት ቀን እግሩን የምታሠራው ባለሙያ ከከተማ ትመጣለች። በሌላው ቀን የልጆች መዋያው መኪና ይወስደዋል። ጋሽ ቦጎሚልም አጥሩን እያስያዘ ያቆመው ነበር። አንድ ቀን ፍየሏ አመለጠችና ልያዛት ሲል አጥሩን ለቆ ተራመደ።"

የግቢው በር ሲጢጥ አለ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ አንድ እግሩ በብረት ድጋፍ የታሰረ፣ በክንዱ ሣር ታቅፎ ከኋላው ለተከተለችው ፍየል እየተናገረ ገባ።

"ሂጂ ወደ ቤትሽ፣ አንቺ ሌባ! ነገ ብዬሻለሁ።"

ራይና መጀመሪያ አላወቀችውም። ቁመቱ ረዝሟል፣ ጉንጩ ፀሐይ ነክቶታል። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ሰው መኖሩን አይቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ሣሩ ከክንዱ ወደቀ። ወደ ግድግዳው አፈገፈገና ቁጭ አለ። የጨበጠውን እጁን አፉ ላይ ደቅኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረ።

ይህን ውዝዋዜ ታውቀዋለች። በማሳደጊያው ከመኝታ በፊት ልጆቹ ሁሉ በየአልጋቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ክፍሉ በአልጋ ሲጢጥታ ይሞላል። እሷና ስቶያንካ "እሹሩሩ ጀመሩ" እየተባባሉ መብራት ያጠፉ ነበር። ልጅ እንዲህ ነው የሚተኛው ብላ አምና ነበር የኖረችው። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ዶሮዎች በሚጭሩበት ግቢ፣ የሚወዛወዘው እሱ ብቻ ነው፤ ያመጣችበትም እሷ ናት።

ልታነሳው ሮጠች።

"ይተዉት" አለች ኢስክራ በለሆሳስ። "እባክዎ።"

ኢስክራ ሁለት ቃሪያ ይዛ ሄደችና ከልጁ ክንድ ያህል ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልነካችውም፣ አላየችውም። ቃሪያውን ትልጥ ጀመር። የቃሪያው ጭማቂ በክንዷ ላይ ወረደ። ራይና እጇን የምታደርግበት አጥታ ቆመች። እየቆየ ውዝዋዜው ዘገየ፣ ቆመ። ልጁ ዓይኑን ገለጠ።

"ልትወስጂኝ ነው?" አላት ራይናን።

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ከአፉ ስትጠብቅ ኖራለች። ሌሎቹ ልጆች ነጭ ጋዋን የለበሰችውን ሁሉ "እማዬ" ይሉ ነበር፤ እሱ ይህንንም አላላትም።

"አይደለም" አለች። "ቃሪያ ልልጥ ነው የመጣሁት።"

ልጁ ወደ ኢስክራ ዞረ።

"እውነቷን ከሆነ እናያለን" አለች ኢስክራ። "ቢላ ስጣት።"

ቢላውን እጁን እስከቻለ ዘርግቶ ሰጣትና ቶሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ራይና ተቀምጣ ላጠች። ልጣጩ ጣቷን ቢያቃጥላትም መላጧን ቀጠለች።

ስልኳ ጠራ።

"እህስ?" አለች ስቶያንካ። "እንዴት ነው?"

"ይሄዳል። ያወራልም።"

"ኦግንያን? ምን አለሽ?"

"ልትወስጂኝ ነው ወይ አለኝ። ፈርቶ።"

"ይኸውልሽ ራይና፣ እኛ እኮ አልደበደብናቸውም። ለአሥራ አራት ልጅ አንድ ሰው ነበርን።"

"አውቃለሁ። አብሬሽ ነበርኩ።"

"እንግዲያው ሰኞ አትምጪ። ይህንን ለካሜራ ከምትናገሪ እቤትሽ ተቀመጪ።"

"እመጣለሁ" አለች ራይና። "ከጠየቁኝ ያየሁትን እናገራለሁ።"

"የእኔስ ነገር?"

ራይና ሌላ ቃሪያ አነሳች። ስልኩ በስቶያንካ በኩል ተዘጋ።

ኢስክራ ባኒጻ የሚሉትን አይብ የገባበት ትኩስ ቂጣ ከምድጃ አውጥታ ቆረሰች። "እራት እዚሁ ይሁን፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ገና ማምሻውን ነው" አለች። ልጁ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ አልነካውም። አንዴ የራይናን ቦርሳ፣ አንዴ በሩን ያያል።

"ምን ሆንክ?" አለችው ኢስክራ። "ሌላ ጊዜ እኮ የእኔንም ነው የምትበላው።"

ልጁ እንደገና ወደ በሩ አየ። ራይና ቢላውን አስቀመጠች።

"ከዚያ የሚቀድም አውቶቡስ የለም?"

"አለ፣ ሊደርስ ነው። ግን ገና አልቀመሱም እኮ። ቤት የሚጠብቅዎት አለ?"

"አዎ" አለች ራይና። ማንም አልነበረም።

ኢስክራ ባኒጻ በወረቀት ጠቅልላ አስያዘቻትና እስከ በሩ ሸኘቻት። "ትንሽ ጊዜ ይስጡት" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሲፈልግ እኔው እደውላለሁ።"

"ባይፈልግስ?"

ኢስክራ ክንዷን ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት።

ፌርማታው ከግቢው ፊት ለፊት ነው። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ ራይና ብቻዋን መሄዷን እንዲያይ በግቢው በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ልጁ ሳህኑን ይዞ እያነከሰ አጥሩ ድረስ መጣ። ባኒጻውን ገመጠ። ጉንጩ ተነፍቶ እያኘከ ያያታል።

ልትሰናበተው እጇን አነሳች። ግን ከሩቅ ሲታይ ጥሪ ይመስለው ይሆናል ብላ መልሳ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።